የድሮ መኪናችሁ ባትሪ እየጨረሰች ነው? ባትሪም ዲናሞም ከመግዛታችሁ በፊት ይሄን ለኩ

ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ቁልፍ ታዞራላችሁ፣ ሞተሪኖው ጠቅ ይልና ጭጭ። የሰፈር ልጆች ተጠርተው ይገፋሉ፣ በሁለተኛ ማርሽ ትነሳለች፣ ቀኑን ሙሉ ስትሰራ ትውላለች፣ በነጋታው ያው። ከዛ ሁሉም ሰው መካኒክ ይሆናል፤ አንዱ ባትሪው ነው ይላል፣ ሌላው ዲናሞው ነው፣ ሶስተኛው ደሞ ሞተሪኖውን አውርደው።

እኔ ያለችኝ በፈረንጆቹ 1986 የተሰራች ኮሮላ ዲኤክስ ናት፣ ባለ ካርቡሬተር፣ ሞተሯ ቱ ኢ (2E) የሚባለው። ከሁለት ክረምት በፊት በትክክል ይሄ ነገር ጀመራት። መጀመሪያ አዲስ ባትሪ ገዛሁ፣ ሶስት ሳምንት ሰራና ሞተ። ቀጥሎ አንድ ጋራዥ ዲናሞው ነው አሉኝና ሶማሌ ተራ ሄጄ ያገለገለ ዲናሞ ገዝቼ አስገጠምኩ፣ አሁንም ያው! በመጨረሻ ችግሩ የተገኘው ከሁለቱም ውጪ ነው፣ የት እንደሆነ ቦታው ላይ ስንደርስ እነግራችኋለሁ። ያን ሁሉ ብር ያስወጣኝ ሳይለካ መቀየር ነው፣ እኔም መካኒኩም አንድም ቦታ ቴስተር አልነካንም።

ስለዚህ የሚያስፈልጋችሁ አንድ ዲጂታል ቴስተር ነው፣ ውድ አይደለም፣ መርካቶ ኤሌክትሪክ ዕቃ የሚሸጡበት ሁሉ ታገኙታላችሁ። ከሱ ሌላ 10 እና 12 ቁጥር ቁልፍ፣ ብርጭቆ ወረቀት፣ በደንብ የምታበራ የእጅ መብራት፣ በቃ።

ከመጀመራችሁ በፊት ሁለት ነገር። ቀለበትና የብረት ሰዓት አውልቁ፣ የባትሪው ፖዘቲቭና ቦዲው መሃል ቀለበት ከገባ ጣት ላይ ነው የሚግለው። ደሞ ሞተር እየሰራ ስለምትለኩ የእጅ ፍሬን ይያዝ፣ ማርሹ ፍሪ ይሁን፣ ነጠላ ስካርፍ የተንጠለጠለ ነገር ሁሉ ከቺንጋው (ዲናሞውን ከሚያዞረው ቀበቶ) እና ከፋኑ ይራቅ። ባትሪ ቻርጅ ሲሆን የሚያወጣው ጋዝ የሚፈነዳ ነውና ሲጋራ እያጨሱ ጎንበስ ብሎ ማየት አይሆንም፣ ይሄን ያልኩት ስላየሁ ነው።

እና ደሞ በናታችሁ ያቺን የድሮ ዘዴ ተዉ። ሞተር እየሰራ የባትሪውን ገመድ ነቅሎ ‹‹ካልጠፋች ዲናሞው ደህና ነው›› የሚባለውን። ባትሪው የዲናሞውን ቮልት የሚያረጋጋው እሱ ነው፣ ድንገት ሲነቀል ቮልቱ ዘሎ ሬጉሌተሩን (ቮልቱን የሚቆጣጠረውን) እና ዳዮዶቹን (ከረንቱን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፉትን) ሊያቃጥል ይችላል፣ ኮምፒውተር ያላት መኪና ላይ ደሞ ከዛም የባሰ። ደህና የነበረ ዲናሞ እየፈተኑ መግደል ማለት ነው። በዛ ላይ ባትጠፋም እንኳን ምንም አልነገረቻችሁም፣ ደካማ ዲናሞም ቢሆን ሞተሩን ለማቆየት የምትበቃ ከረንት አያጣም።

ደረጃ 1፦ ዳሽቦርዱን ጠይቁት

ሞተር ሳይነሳ ቁልፉን ክፈቱ። ቀዩዋ የባትሪ መብራት መብራት አለባት፣ ሞተር ሲነሳ ደሞ ሙሉ በሙሉ መጥፋት። ከዚህ የተለየ ነገር ሁሉ ወሬ አለው።

ቁልፍ ሲከፈት ጭራሽ ካልበራች ወይ አምፖሏ ተቃጥሏል፣ ወይ ፊውዝ ተቃጥሏል፣ ወይ ዲናሞው ላይ የሚሰካው ሶኬት ወልቋል። አምፖል ናት ብላችሁ እንዳትንቋት፣ ብዙ አሮጌ መኪኖች ላይ ዲናሞው ስራ ለመጀመር የሚያስፈልገውን የመጀመሪያ ከረንት የሚያገኘው በዛች አምፖል በኩል ነው፣ እሷ ስትቃጠል ዲናሞው ደህና ሆኖ እያለ ቻርጅ አያደርግም። የኔን አይነት ቶዮታ ላይ ግን ለብቻው ከቁልፍ የሚመጣ ሽቦ ስላለ አምፖሏ ብትቃጠልም ቻርጅ ያደርጋል፣ ችግር ሲመጣ የሚነግራችሁ ግን የለም።

ሞተር ተነስቶም ደምቃ ከበራች ዲናሞው አያመነጭም ማለት ነው፣ ቺንጋ ተበጥሶም ሊሆን ይችላል፣ በተለይ ያው ቺንጋ የውሃ ፓምፑንም የሚያዞር ከሆነ ወዲያው አቁሙ፣ አለበለዚያ ከዲናሞ ወጥታችሁ ቴስታ ማሰራት ውስጥ ትገባላችሁ። ፈዘዝ ብላ ማታ ማታ ብቻ የምትታይ ከሆነ ደሞ ዳዮድ መጠርጠር ነው።

መብራቷ በትክክል ሰርታም ባትሪው የሚሞት ከሆነስ? የኔ እንደዛ ነበር፣ እኔን ያሳሳተችኝም እሷ ናት። መብራቷ የምትነግራችሁ ዲናሞው በህይወት እንዳለ ብቻ ነው፣ ያመነጨው ነገር ባትሪው ጋ ይድረስ አይድረስ እሷ አታውቅም።

ደረጃ 2፦ ባትሪው ራሱ

መኪናዋ ቢያንስ ጥቂት ሰዓት ቆማ፣ ብታድር ይመረጣል፣ ቴስተሩን 20 ቮልት ዲሲ ላይ አድርጋችሁ ቀዩን ፖዘቲቭ ጥቁሩን ኔጋቲቭ ላይ። የባትሪው እርሳስ ላይ እንጂ የታሰረበት ብረት ላይ አይደለም። 12.6 አካባቢ ከሆነ ሙሉ ነው፣ 12.4 ሶስት አራተኛ፣ 12.2 ግማሽ፣ 12 ከሆነ ሊያልቅ ነው፣ ከ11.9 በታች ባዶ በሉት።

ከዛ አንድ ሰው ቁልፍ ያዙር እናንተ ቴስተሩን እዩ። ሞተሪኖው ሲዞር ከ9.6 በታች ከወረደ፣ ሲቆም 12.6 የነበረ ሆኖ ማለት ነው፣ ባትሪው አርጅቷል፣ ቮልት ይዟል እንጂ ጉልበት የለውም። በተለይ ህዳርና ታህሳስ ጠዋት አዲስ አበባ ሲበርድ ይሄ ይብሳል፣ ሰው ‹‹ትናንት ደህና ነበረች›› የሚለው ለዛ ነው።

ክዳን ያለው ባትሪ ከሆነ ስድስቱንም ከፍታችሁ ውሃውን እዩ፣ ፕሌቶቹ ውሃ መልበስ አለባቸው። ከጎደለ የሚጨመረው የተጣራ የባትሪ ውሃ ነው፣ የቧንቧ ውሃ አይደለም፣ አሲድም አይደለም! አሲድ ተንኖ አይሄድም የሚሄደው ውሃው ነው፣ አሲድ እየጨመሩ ‹‹ማጠንከር›› የሚሉት ነገር ባትሪውን ይበላዋል። ስድስቱም እኩል በፍጥነት እየጎደሉ ካስቸገሩ ግን ዲናሞው ከልክ በላይ ቻርጅ እያደረገ ነው፣ ደረጃ 4 ላይ ታረጋግጣላችሁ። አንዱ ብቻ ከሌሎቹ ተለይቶ ከጎደለ ያ ክፍል ሳይሞት አይቀርም፣ ባትሪ ቻርጅ የሚያደርጉ ሰዎች ጋ ወስዳችሁ በሃይድሮሜትር (የባትሪውን ውሃ ጥግግት በሚለካው) ያዩላችኋል፣ ሙሉ የሆነ ክፍል 1.26 አካባቢ ያሳያል።

አንድ ነገር አስምሩበት፤ ባዶ ባትሪ ይዞ ቻርጂንጉን መፈተሽ ዋጋ የለውም። ባዶው ባትሪ የዲናሞውን ቮልት ጎትቶ ያወርደዋልና ደህናውን ዲናሞ በሽተኛ ያስመስለዋል። መጀመሪያ ውጪ ቻርጅ አስደርጉት ከዛ ወደ ልኬት።

ደረጃ 3፦ አይንና እጅ

ሞተር ይጥፋ። የባትሪው ራስ ላይ ነጭ ወይ አረንጓዴ አቧራ ካለ ኔጋቲቩን መጀመሪያ ፈትታችሁ፣ ቀጥሎ ፖዘቲቩን፣ በሞቀ ውሃና በቤኪንግ ሶዳ እጠቡት፣ ክዳኖቹ ተዘግተው ይሁን ሶዳው ውስጥ እንዳይገባ። በብርጭቆ ወረቀት እርሳሱ እስኪያበራ አሻሹ፣ ስታስሩ ፖዘቲቩ ይቀድማል። የታሰረው ብረት በእጅ ሲነቀነቅ የሚንቀሳቀስ ከሆነ ያ ራሱ በሽታ ነው፣ ስንት መኪና አይቻለሁ በካርቶን ወይ በሚስማር ተጠቅጥቆ የተያዘ።

ቺንጋውን በሁለቱ ፑሌጃ መሃል በአውራ ጣት ጫን በሉት፣ 1 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ቢሰጥ ደህና ነው። ከዛ በላይ ከላላ ይንሸራተታል፣ ጠዋት ስትነሳ ወይ መብራት ስታበሩ ሲጥ የምትለው ድምፅ እሷ ናት። ከልክ በላይ ማጥበቅም ደግሞ የዲናሞውን ኩሽኔታ ይገድላል። ዘይት የነካው ቺንጋ ቢጠብቅም ይንሸራተታል፣ አትጠቡት ቀይሩት።

ፊውዞቹን በአይን ብቻ አትመኑ፣ ነቅላችሁ ለኩ። የድሮ ቶዮታ ላይ ደሞ ከባትሪው ፖዘቲቭ አጠገብ አጠር ያለች የምትቀልጥ ሽቦ አለች፣ ከውጪ ደህና ትመስላለች፣ ውስጧ ግን ተበጥሶ ሊሆን ይችላል። ቀስ ብላችሁ ጎተት አድርጉ፣ እንደ ላስቲክ ከተለጠጠች አልቆላታል። እሷን በተራ ሽቦ ቀጥላችሁ እንዳትሄዱ፣ እሷ የተቀመጠችው መኪናዋ በእሳት ፈንታ በሽቦዋ እንድትገላገል ነው።

ደረጃ 4፦ ሞተር እየሰራ መለካት

አሁን ዋናው። ባትሪው ላይ ቴስተሩን አድርጋችሁ ሞተር አስነሱ፣ መብራት ሁሉ ጠፍቶ ነዳጅ ትንሽ ስጡት፣ በደቂቃ ወደ 2000 ዙር አካባቢ። ከ13.8 እስከ 14.5 ካሳየ ጤነኛ ነው። ዲናሞው ሲቀዘቅዝ ትንሽ ከፍ ሲግል ትንሽ ዝቅ ይላል፣ ስለዚህ ገና እንደተነሳች 14.6 ብታዩ አትደንግጡ።

ከነበረበት ካልጨመረ፣ ማለትም 12.4 ነበረ አሁንም 12.4 ወይም እየወረደ ከሆነ፣ ምንም ቻርጅ እየመጣ አይደለም። ከ15 ካለፈና እዛው ከቆየ ሬጉሌተሩ ተበላሽቷል፣ አምፖል ቶሎ ቶሎ የሚቃጠልባችሁና ባትሪው የሚፈላው ለዛ ነው፣ ይሄ ሲሆን መኪናዋን አትንዷት።

ቀጥሎ ጫና ስጡት። የፊት መብራት ረጅሙን፣ ማሞቂያ ፋን፣ የኋላ መስታወት ማድረቂያ ካለ፣ የዝናብ መጥረጊያ። በ2000 ዙር ከ13.2 ወይም 13.5 በታች መውረድ የለበትም። ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳትሰጡት ሲሰራ) ግን ቢወርድ ኖርማል ነው፣ እነዚህ ዲናሞዎች 50 ወይ 60 አምፔር የሚሉት ሲሽከረከሩ እንጂ ሚኒሞ ላይ የዛን ትንሽ ክፍል ነው የሚሰጡት። አስቡት እንግዲህ፣ በክረምት ከመገናኛ ሜክሲኮ በመብራትና በመጥረጊያ ሚኒሞ ላይ አንድ ሰዓት ተኩል፣ የፊት መብራት ብቻውን 10 አምፔር ገደማ ይበላል፣ እላዩ ላይ ጎረምሳው የገጠመው አምፕሊፋየር ሲጨመር ዲናሞው ምንም ሳይበላሽ ባትሪው ሊያልቅ ይችላል። አንዳንዴ መልሱ ዕቃ መቀየር ሳይሆን ሚኒሞውን ትንሽ ማስተካከልና ሙዚቃውን መቀነስ ነው።

ደረጃ 5፦ መንገድ ላይ የሚጠፋው ቮልት (የኔ ጉድ የተገኘበት)

ይሄን የሚሰራ መካኒክ በጣም ጥቂት ነው፣ ለኔ ግን ከሁሉም የሚበልጠው እሱ ነው። ዲናሞው ጀርባ ላይ በዳዶ የታሰረ ወፍራም ሽቦ አለ፣ ብዙ ጊዜ ቢ (B) የሚል ፊደል አጠገቡ አለ፣ ወደ ባትሪው የሚሄደው የዲናሞው ዋና ውጤት በሱ ነው። ሞተር እየሰራ፣ መብራት በርቶ፣ ነዳጅ ተሰጥቶ፣ የቴስተሩን አንድ ጫፍ የዛ ብሎን ጫፍ ላይ ሌላውን የባትሪው ፖዘቲቭ ላይ አድርጉ። ሁለቱም ፖዘቲቭ ናቸው፣ አዎ፣ የምትለኩት በመሃላቸው የጠፋውን ነው። ከ0.2 ወይ 0.3 ቮልት መብለጥ የለበትም። ብሎኑ ሁሌም ባትሪ ያለበት ስለሆነ የቴስተሩ ጫፍ ብሎኑንና የዲናሞውን ገላ አንድ ላይ እንዳይነካ ተጠንቀቁ።

የኔ 1.6 ቮልት አሳየ። ዲናሞው ጀርባ ላይ 14.3 እያመነጨ ነው ባትሪው ጋ የሚደርሰው ግን 12.7! አጥፍቼ ኔጋቲቩን ፈትቼ የጎማ ክዳኗን ሳነሳ የሽቦው ጫፍ ላይ ያለችው ቀለበት ጠቁራለች፣ ሽቦው ውስጥ ድረስ አረንጓዴ ሆኗል፣ ፕላስቲኩ ቀልጧል። ዳዶው በእጅ ይዞራል። የመጀመሪያው ባትሪ በዛ ምክንያት ሳይጠግብ ሞተ፣ ሁለተኛውንም ገደለ፣ ዲናሞ የቀየረው ልጅ ደሞ ያቺኑ የተቃጠለች ቀለበት አዲሱ ላይ መልሶ አሰራት። ጫፉን ቆርጬ ንጹህ መዳብ እስኪወጣ ልጬ አዲስ ቀለበት በስታኞ አስበየድኩ፣ አጠበቅኩ፣ 0.1 ሆነ። ለዚህ ነው ያ ሁሉ ብር የሄደው።

በኔጋቲቩ በኩልም እንዲሁ ለኩ፤ አንዱ ጫፍ የዲናሞው ገላ ላይ ሌላው የባትሪው ኔጋቲቭ ላይ፣ ከ0.2 በላይ ከሆነ ማሳው (ኔጋቲቩን ከሞተሩና ከቦዲው ጋር የሚያገናኘው ገመድ) ደካማ ነው። ሞተር ኦቨርሆል የተደረገላት ወይ ቀለም የተቀባች መኪና ላይ በጣም የተለመደ ነው፣ ማሳውን ቀለም ላይ አስረውት ይሄዳሉ። ሞተሪኖ ስታዞሩ የነዳጅ ገመዱ የሚሞቅ ከሆነማ አያጠያይቅም፣ ከረንቱ መንገድ አጥቶ በሱ እያለፈ ነው።

ደረጃ 6፦ ዲናሞው ራሱ ከሆነ

ሽቦው ደህና፣ ቺንጋው ደህና፣ ባትሪው ደህና፣ ቮልት ግን የለም እንበል። መጀመሪያ ዲናሞው ላይ የሚሰካውን ሶኬት ነቅላችሁ ቁልፍ ከፍታችሁ ለኩ፣ ከቁልፍ የሚመጣው ሽቦ ላይ የባትሪው ቮልት መኖር አለበት። ከሌለ ዲናሞውን አትውቀሱት፣ ፊውዝና ሽቦ ተከተሉ።

ካለ፣ ሬጉሌተሩ ውስጥ የሆነ ዲናሞ ጀርባ ላይ ኤፍ (F) የምትባል ቀዳዳ ወይ ተርሚናል የሚኖርበት አለ። የድሮ ቶዮታ ላይ ሞተር ሚኒሞ እየሰራ እሷን ከዲናሞው ገላ ጋር ለሁለት ሶስት ሰከንድ ብቻ ስታገናኙ ቮልቱ ሽቅብ ከወጣ ሬጉሌተሩ ነው የሞተው፣ ካልወጣ ውስጡ ነው። ከሶስት ሰከንድ በላይ አትያዙት፣ ቁጥጥር የሌለው ዲናሞ ነው በዛች ሰዓት። ሬጉሌተሩ ለብቻው በሳጥን ቦዲው ላይ የታሰረባቸው ከዛ የቆዩት ላይ ግን ይሄን እንዳትሞክሩት፣ እነሱ ላይ ኤፍ ከረንት የሚገባበት ነው፣ ከገላ ጋር ስታገናኙት ሬጉሌተሩን ታቃጥላላችሁ።

ውስጡ ከሆነ ብዙ ጊዜ ካርቦን ነው፣ ወደሚሽከረከረው ክፍል እየነካ ከረንት የሚያስገባው። አዲስ ሲሆን 1 ሳንቲ ሜትር ያህል ወጣ ብሎ ይታያል፣ 1.5 ሚሊ ሜትር ከደረሰ ማለቂያው ነው፣ ከዛ በፊት ራሱ አንዴ እየነካ አንዴ እየተወ ያስቸግራችኋል፣ ጉድጓድ ስትገቡ መብራቷ ብልጭ የምትለው ለዛ ነው። ካርቦን ርካሽ ነው፣ ዲናሞ የሚጠግኑ ልጆች በአንድ ሰዓት ያስገቡላችኋል፣ ካርቦኑ የሚሄድባቸውን ሁለት የመዳብ ቀለበቶችም በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ያጽዱላችሁ።

ዳዮድ ለመጠርጠር ቴስተሩን ወደ ኤሲ ቮልት ቀይሩት፣ ሞተር እየሰራ መብራት በርቶ ባትሪው ላይ። ከ0.5 በላይ ካሳየ ከዳዮዶቹ አንዱ ሄዷል። ሬዲዮ ላይ ነዳጅ ስትሰጡ አብሮ ከፍ ዝቅ የሚል ፉጨትም የሱ ነው። አንድ ደስ የሚለኝ ዘዴ አለ፤ ጠዋት ሞተር ሳታስነሱ የዲናሞውን ጀርባ በእጅ ንኩት፣ መኪናዋ ሙሉ ሌሊት ቆማ እሱ ብቻ ሞቅ ካለ ባትሪው በዳዮዱ በኩል ሲፈስ አድሯል ማለት ነው።

ያገለገለ ዲናሞ የምትገዙ ከሆነ የራሳችሁን ፈትታችሁ ይዛችሁ ሂዱ። ሶኬቱ፣ የፑሌጃው ጥርስ፣ የሚታሰርበት ጆሮ፣ አምፔሩ፣ አራቱም ይግጠሙ። ‹‹ያው ቶዮታ ነው›› አትበሉ። እዛው ሳትከፍሉ በፊት አስፈትሹት፣ ኩሽኔታውን በእጅ አሽከርክሩት፣ አሸዋ እንዳለበት የሚንኳኳ ከሆነ ተዉት።

ደረጃ 7፦ ቻርጅ ሁሉ ደህና ሆኖ ሌሊት የሚያልቅ ከሆነ

ያ ማለት ቆማ እያለች የሚበላ ነገር አለ። ሁሉን አጥፉ፣ ቁልፍ አውጡ፣ በር ዝጉ፣ የኮፈን መብራት ካለ አምፖሏን ንቀሉ። ኔጋቲቩን ፍቱና የቴስተሩን ገመድ 10 አምፔር የሚለው ቀዳዳ ላይ አዛውራችሁ አንዱን ጫፍ ኔጋቲቩ ላይ ሌላውን የተፈታው ገመድ ላይ አድርጉ። በዚህ ሁኔታ ቁልፍ እንዳታዞሩ፣ የቴስተሩ ፊውዝ ወዲያው ነው የሚሄደው። ከ0.05 አምፔር በታች መሆን አለበት፣ ባለ ካርቡሬተር የድሮ መኪና ሰዓትና ሬዲዮ ብቻ ስላላት ከዛም ያነሰ ነው የምጠብቀው። ከበለጠ ፊውዝ አንድ በአንድ ንቀሉ፣ ቁጥሩ የወረደበት ፊውዝ መስመር ላይ ነው ሌባው። ብዙ ጊዜ በኋላ የተገጠመ አላርም ነው፣ ወይ የሻንጣ መብራት፣ ወይ ሬዲዮው በቀጥታ ከባትሪ ታስሮ። ሁሉም ፊውዝ ተነቅሎ ካልወረደ የዲናሞውን ወፍራም ሽቦ ፈትታችሁ ሞክሩ፣ ወረደ ማለት ያ ዳዮድ ነው። ስትጨርሱ ገመዱን ከ10 አምፔር ቀዳዳ አውጥታችሁ ወደ ቮልት መልሱት፣ ረስታችሁ ባትሪ ከለካችሁበት ሾርት ነው፣ እኔ አንድ ቴስተር እንደዛ አቃጥያለሁ።

ከጥገና በኋላ ባዶውን ባትሪ ለዲናሞው አትስጡት፣ ‹‹ደብረ ዘይት ደርሼ ልመለስ ይሞላል›› አይሰራም፣ አዲስ የተጠገነ ዲናሞ ሙሉ ሰዓት ጣሪያው ላይ እየሰራ ይግላል። ውጪ ቻርጅ ይደረግ፣ ከዛ 20 ደቂቃ ነድታችሁ ደረጃ 4ን እና 5ን ድገሙ። እኔ ያወጣሁትን ቁጥር በወረቀት ጽፌ በናስትሮ የኮፈኑ ውስጥ ለጥፌዋለሁ፣ ቆማ 12.6፣ ሚኒሞ 13.9፣ በመብራት 13.7፣ ሽቦው 0.1፤ በየሶስት ወሩ እለካና ከሱ ጋር አስተያያለሁ፣ ባለፈው ሽቦው 0.2 ሲል ዳዶዋን ሩብ ዙር አጠበቅኳት።